የሁለተኛው እርከን ሻምፒዮን ደብሊንን ያሸነፈችበት ዓመት፦ ስለ 2019ኙ የጆ ማክዶና ዋንጫ

ጥያቄ፦ «በአየርላንድ ፖርትሊሽ ከተማ መኖር ከጀመርኩ አራት ዓመት ሆኖኛል። የአሥር ዓመት ልጄ ሀርሊንግ ይጫወታል። አንድ አዛውንት ጎረቤታችን ስለ 2019 ሲያወሩ ፊታቸው ይበራል፤ ካውንቲያችን ሊሽ ዋንጫ አንስታ በሳምንቱ ደብሊንን እንዳሸነፈች ይነግሩናል። ባለቤታቸው ደግሞ የኦፋሊ ልጅ ናቸውና ያ ዓመት ሲነሣ ዝም ይላሉ። ዋንጫው የሁለተኛው እርከን መሆኑን ሰምቻለሁ። የሁለተኛ እርከን አሸናፊ በዚያው ዓመት ከትልልቆቹ ጋር እንዴት ይጋጠማል? ኦፋሊስ ምን ሆና ነው? ልጄ በእንዲህ ያለ ዋንጫ መኩራቱ ልክ ነው? ውጤቱ 3-26 ተብሎ ሲጻፍ ምን ማለት እንደሆነም አልገባኝም።»

ምላሽ፦

እህቴ፣ የሁለቱን ጎረቤቶችዎን ፊት እንዲህ አጥርተው ካዩ የመልሱን ግማሽ ይዘውታል። ያ ዓመት ለሊሽ የደስታ፣ ለኦፋሊ የሐዘን ዓመት ነበር፤ ሁለቱም የሆኑት በአንድ ውድድር፣ በአንድ የደረጃ ሰንጠረዥ ላይ ነው። እኔ በዚህ ሀገር ታዳጊዎችን ሳሠለጥን ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ፤ ከታላላቆቹ ፍጻሜዎች ይልቅም የታችኞቹን እርከኖች ጨዋታ አዘውትሬ እመለከታለሁ። ስለዚህ መልሴ ቢረዝም ይታገሡኝ። ዓመቶቹንና ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ጽፌአለሁ።

ከቀላሉ ልጀምር። የሀርሊንግ ግብ ሁለት ረጃጅም ቋሚዎችና በመካከላቸው የተጋደመ አግዳሚ አለው። ኳሷ ከአግዳሚው ሥር ገብታ መረብ ከነካች ጎል ይባላል፤ ሦስት ነጥብ ያስገኛል። ከአግዳሚው በላይ በቋሚዎቹ መካከል ካለፈች አንድ ነጥብ ነው። ሲጻፍ ጎሎቹ ይቀድማሉ። እንግዲህ 3-26 ማለት ሦስት ጎልና ሃያ ስድስት ነጥብ ነው፤ ሲደመር 35 ይሆናል። ከዚህ በታች ውጤት በጠቀስኩ ቁጥር በዚህ መንገድ ያስሉት።

ጨዋታውን ለማጣጣም ደግሞ ሀገር ቤት ያዩትን የገና ጨዋታ ያስታውሱ። ቆልማማ ዱላ፣ ትንሽ ኳስ፣ ሰፊ ሜዳ፣ ግራና ቀኝ የተሰለፈ የሰፈር ልጅ። በሀርሊንግ ኳሷ አብዛኛውን ጊዜ በአየር ላይ ናት፤ ተጫዋቹ በእጁ ሊቀልባት፣ በዱላው ሰፊ ጫፍ ላይ አስቀምጦ እያነጠረ ሊሮጥም ይችላል። በካውንቲዎች የዋና ቡድኖች ግጥሚያ በእያንዳንዱ ወገን 15 ተጫዋች ይሰለፋል፤ ጨዋታውም 70 ደቂቃ ይፈጃል። ከ2010 ጀምሮ የራስ ቁር ማድረግ ለሁሉም ግዴታ ነው። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ እንደሚባለው፣ እዚህም በሜዳ ላይ የተመታ ሰው ከጨዋታው በኋላ ከመታው ጋር አብሮ ሻይ ሲጠጣ ማየት የተለመደ ነው።

አሁን ወደ እርከኖቹ። በአየርላንድ 32 ካውንቲዎች አሉ፤ ሀርሊንግ ግን በሁሉም እኩል ሥር አልሰደደም። በደቡብና በመሀል ሀገር ልጅ ገና መራመድ ሲጀምር ዱላ ይጨብጣል፤ በሰሜንና በምዕራብ ባሉ ብዙ ካውንቲዎች ደግሞ ሕዝቡ ያደገው ከአይሪሽ እግር ኳስ ጋር ነው። በ2019 መጨረሻ ኪልኬኒ 36፣ ኮርክ 30፣ ቲፐራሪ 28 ጊዜ የላይኛውን እርከን ዋንጫ፣ የመላ አየርላንድን ዋንጫ፣ አንሥተው ነበር። አብዛኞቹ ካውንቲዎች በታሪካቸው አንድም ጊዜ አላነሡም።

ይህን ልዩነት በገንዘብ ማጥበብ አይቻልም፤ ለእንግዳ ሰው ለመረዳት የሚከብደውም ይኸው ይመስለኛል። ተጫዋቾቹ ደመወዝ የላቸውም። መምህር፣ ገበሬ፣ አናጢ፣ ፖሊስ ወይም ተማሪ ናቸው፤ ከሥራ በኋላ ይለማመዳሉ። የተጫዋች ግዢና ሽያጭ የለም። ሰው የሚሰለፈው ለተወለደበት ወይም በክለብ ለሚጫወትበት ካውንቲ ነው። በ2016 ቆጠራ ሊሽ ወደ 85 ሺህ ያህል ሕዝብ ነበራት፤ ደብሊን ከ1.3 ሚሊዮን በላይ። ሊሽ አጥቂ ብታጣ ከሌላ ቦታ አጥቂ አታመጣም፤ ከገጠር ክለቦቿ መካከል ትፈልጋለች፣ ካላገኘችም አሥር ዓመት ጠብቃ ታሳድጋለች።

ደካማውን ከኃያሉ ጋር በየዓመቱ እያጋጠሙ በሠላሳ ነጥብ ማስደብደብ ለማንም አልጠቀመም። ስለዚህ በ2005 የክሪስቲ ሪንግና የኒኪ ራካርድ ዋንጫዎች፣ በ2009 የሎሪ ማር ዋንጫ ተጀመሩ። ሦስቱም የቀድሞ ታላላቅ ተጫዋቾች ስሞች ናቸው፤ የመጀመሪያው የኮርክ፣ ሁለተኛው የዌክስፎርድ፣ ሦስተኛው የኪልኬኒ። በ2018 ደግሞ ከላይኛው ውድድር ቀጥሎ፣ ከክሪስቲ ሪንግ በላይ፣ የጆ ማክዶና ዋንጫ ተተከለ። ጆ ማክዶና የጎልዌይ ተጫዋች የነበሩ፣ ኋላም ከ1997 እስከ 2000 የአየርላንድ ባህላዊ ስፖርቶች ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነው ያገለገሉ፣ በ2016 ያረፉ ሰው ናቸው። ጎልዌይ በ1980 ከ57 ዓመት ጥበቃ በኋላ ስታሸንፍ በደብሊን ባለው በትልቁ ስታዲየም፣ በክሮክ ፓርክ፣ መድረክ ላይ ቆመው የዘፈኑትን ዘፈን ያ ትውልድ እስከ ዛሬ ያስታውሰዋል። ዋንጫው በስማቸው መሰየሙን እወደዋለሁ፤ ረጅም ዘመን የጠበቀ ካውንቲ ሲያሸንፍ ምን እንደሚሰማው ያውቁ ነበርና።

ያንን ዋንጫ ከሌሎቹ የለየው፣ የጎረቤትዎንም ታሪክ ያስገኘው፣ ከመጀመሪያው የወጣለት ሕግ ነው። አሸናፊዋ በሚቀጥለው ዓመት ወደ ላይኛው ውድድር ታድጋለች፤ ይህ በሀገራችን ከከፍተኛ ሊግ ወደ ፕሪሚየር ሊግ እንደማደግ ስለሆነ አያስደንቅም። ነገር ግን ለፍጻሜ የደረሱት ሁለቱም ቡድኖች፣ ተሸናፊዋም ጭምር፣ በ2019 ሕግ በዚያው ዓመት ወደ መላ አየርላንድ ሻምፒዮና ይገቡ ነበር። የላይኛው ውድድር ከሚካሄድባቸው ሁለት የክፍለ ሀገር ምድቦች፣ ከመንስተርና ከሌንስተር፣ ሦስተኛ ሆነው የጨረሱትን በሜዳቸው አስተናግደው ይገጥሙ ነበር፤ ያሸነፈ ሩብ ፍጻሜ ይገባ ነበር። በእግር ኳስ ቢሆን፣ የከፍተኛ ሊግ አሸናፊ በዋንጫው ማግሥት ለፕሪሚየር ሊጉ ዋንጫ የመፎካከር ዕድል እንደማግኘት ነው።

በ2019 በጆ ማክዶና ዋንጫ አምስት ካውንቲዎች ተሳተፉ፦ አንትሪም፣ ኬሪ፣ ሊሽ፣ ኦፋሊና ዌስትሚዝ። እያንዳንዷ ከአራቱ ጋር አንድ አንድ ጊዜ ትጫወታለች። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ለፍጻሜ ያልፋሉ፤ አምስተኛዋ ወደ ክሪስቲ ሪንግ፣ ወደ ሦስተኛው እርከን ትወርዳለች። አራት ጨዋታ ብቻ ነው። በመሃል ለመቀመጥ ቦታው ጠባብ ነው፤ አንድ መጥፎ እሑድ ከፍጻሜ ሐሳብ አውጥቶ የመውረድ ሥጋት ውስጥ ይከታል። እኔ የዚህን ውድድር ያህል እያንዳንዷ ነጥብ የምትከብድበት ምድብ አላየሁም።

ሊሽን ያሠለጥን የነበረው ኤዲ ብሬናን ነው፤ በተጫዋችነት ዘመኑ ለኪልኬኒ በአጥቂነት ተሰልፎ ስምንት ጊዜ የመላ አየርላንድን ዋንጫ ያነሣ ሰው። ከየትኛውም ስልት በላይ የሰጣቸው፣ እንደ እኔ ግምት፣ የላይኛውን እርከን አለመፍራት ነው። ሊሽ የመላ አየርላንድን ዋንጫ ያነሣችው በ1915 አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ የነበረው ትውልድ ሁሉ ያደገው ኪልኬኒንና ቲፐራሪን በጎረቤትነት እያየ፣ እነሱ ዘንድ ያለው እኛ ዘንድ የለም ብሎ እያመነ ነው። ከዚያ ወገን የመጣ ሰው ልምምድ ላይ ቆሞ «የጎደላችሁ ነገር ይህን ያህል አይደለም» ሲል ቃሉ ይከብዳል።

ፍጻሜው ጁን 30 ቀን በክሮክ ፓርክ ተደረገ፤ በዚያው ቀን በዚያው ሜዳ የሌንስተር ፍጻሜ ስለነበረ የሁለተኛው እርከን ተጫዋቾች በብዙ ሺህ ሕዝብ ፊት ተጫወቱ። ሊሽ ዌስትሚዝን 3-26 ለ 1-21 አሸነፈች። ያስሉት፤ 35 ለ 24 ነው። በዚህ ብቻ ቢያበቃ ጥሩ ዓመት ተብሎ ይታወስ ነበር።

ሳምንቱን ቆጥራ ጁላይ 7 ቀን ደብሊን ፖርትሊሽ ደረሰች። ደብሊን ያን ጊዜ ምን ዓይነት ቡድን እንደነበረች ማወቅ ያስፈልጋል። ጁን 15 ቀን በሌንስተር የመጨረሻ ዙር ጎልዌይን 3-19 ለ 0-24 አሸንፋ ከውድድሩ አስወጥታ ነበር። ጎልዌይ ደግሞ የ2017 ሻምፒዮንና የ2018 የፍጻሜ ተፋላሚ ናት። ስለዚህ ወደ ፖርትሊሽ የመጣው ቡድን ከሦስት ሳምንት በፊት ከሀገሪቱ ኃያላን አንዷን የጣለ ነው። ሊሽ 1-22 ለ 0-23 አሸነፈች። 25 ለ 23። በሁለት ነጥብ።

እንዴት ሆነ? ብዙ ሰው ደብሊን ንቃ መጣች ይላል። እኔ ይህን ማብራሪያ አልቀበልም፤ ሊሽ የሠራችውን ሥራ ለሌላ ሰው ስንፍና መስጠት ነውና። ቀኖቹን ልብ ብለው ይዩ። ደብሊን ከጁን 15 እስከ ጁላይ 7 ድረስ ሃያ ሁለት ቀን ያለ ውድድር ተቀምጣለች። ሊሽ በበኩሏ ምድቡን ጨርሳ፣ ለፍጻሜ ተዘጋጅታ፣ ፍጻሜውን ተጫውታ፣ ሰውነቷ ሳይበርድ በሳምንቱ ሜዳ ገባች። በሀርሊንግ ኳሷ ከምትበርበት ፍጥነት የተነሣ ዓይንና እጅ የሚሰላው በጨዋታ ብቻ ነው፤ ልምምድ የጨዋታን ያህል አያሰላም። በዚያ ላይ ሜዳው የራሷ ነበር፤ ደጋፊው ደግሞ ገና ከዋንጫው ደስታ ያልወጣ። እነዚህ ሁሉ ተደምረው ዕድሉን ከፈቱላት። የቀረውን ያደረጉት ልጆቹ ናቸው። በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ደብሊን ስትገፋ አልተሰበሩም፤ ሁለተኛው እርከን በየሳምንቱ በጠባብ ውጤት ሲያስተምራቸው የከረመው ይህንኑ ነበር።

በጁላይ 14 ቀን በሩብ ፍጻሜ ሊሽ በቲፐራሪ 2-25 ለ 1-18 ተሸነፈች። የአሥር ነጥብ ልዩነት ነው። ቲፐራሪ በኦገስት ኪልኬኒን በፍጻሜ 3-25 ለ 0-20 ረትታ ሻምፒዮን ሆነች። ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ያስቀምጧቸው፦ በፍጻሜው ኪልኬኒ በ14 ነጥብ ስትሸነፍ፣ ከሁለተኛው እርከን የመጣችው ሊሽ በ10 ነበር የተሸነፈችው። ጎረቤትዎ ይህን ነግረዎት ካልሆነ ይንገሯቸው፤ ደስ ይላቸዋል።

አሁን ስለ ሌላው ገጽታ መናገር አለብኝ፤ ይህ አሠራር ለሁሉም መልካም ነበር ብዬ ባሳምንዎት እውነቱን አጎድላለሁ። ሊሽ ደብሊንን ባሸነፈችበት ቀን ዌስትሚዝ በሙሊንጋር ኮርክን አስተናግዳ 1-40 ለ 0-20 ተሸነፈች። አርባ! በሳምንት ውስጥ ፍጻሜ የተሸነፉ ልጆች፣ ቁጭቱ ሳይወጣላቸው፣ ሰኞ ሥራ ገብተው፣ እሑድ ደግሞ ከኮርክ ጋር ተጋጠሙ። አሸናፊዋ ወደ ላይኛው ውድድር መግባቷን በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ። የሳምንቱን አጭርነት ግን በደል አድርጌ ነው የማየው፤ በተለይም ለተሸናፊዋ። ሁለት ሳምንት ቢሰጣቸው ውድድሩ የሚያጣው ነገር አልነበረም።

ወደ ኦፋሊ ልምጣ። የጎረቤትዎ ባለቤት ዝም ማለታቸው ይገባኛል። ኦፋሊ እንደ ሊሽ የመቶ ዓመት ትዝታ ይዛ የምትኖር ካውንቲ አልነበረችም። ሕዝቧ 78 ሺህ ያህል ነው፤ ሀርሊንግ የሚዘወተርበትም ከግማሽ የማይበልጠው ክፍሏ፣ በቢር ከተማ ዙሪያ ያለው ነው። ከዚያች ጠባብ መሬት ላይ ተነሥታ በ1981፣ በ1985፣ በ1994 እና በ1998 አራት ጊዜ የመላ አየርላንድን ዋንጫ ወሰደች። በ1994 ፍጻሜ ሊመሪክ ጥቂት ደቂቃ ሲቀር በአምስት ነጥብ ትመራ ነበር፤ ኦፋሊ በዚያች ጥቂት ደቂቃ ሁለት ጎልና አምስት ነጥብ አስቆጥራ በስድስት አሸነፈች። በ1998 በግማሽ ፍጻሜ ከክሌር ጋር ሲጫወቱ ዳኛው ሰዓቱ ሳይሞላ ፊሽካ ነፋ፤ የኦፋሊ ደጋፊዎች በክሮክ ፓርክ ሣር ላይ ተቀምጠው አንነሣም አሉ። ጨዋታው ተደገመ፣ ኦፋሊ አሸነፈች፣ ዋንጫውንም ወሰደች። የጎረቤትዎ ባለቤት ያን ዘመን በወጣትነት ያዩ ከሆነ፣ ያዩት ነገር በዚህ ስፖርት ውስጥ ካሉ ታላላቅ ታሪኮች አንዱን ነው።

ከዚያ ሃያ ዓመት። በ2018 ኦፋሊ ከሌንስተር የመጨረሻ ሆና ወደ ጆ ማክዶና ወረደች። በ2019 ደግሞ ከአምስቱ አምስተኛ ሆነች፤ የአራት ጊዜ ሻምፒዮን ወደ ሦስተኛው እርከን ገባች። ምክንያቱን በአንድ ሰው ላይ መጫን አይገባም። ግዢና ሽያጭ በሌለበት ስፖርት የዛሬ ቡድን የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት የሕፃናት ሥልጠና ውጤት ነው። ያ ወርቃማ ትውልድ ሜዳ ላይ ሳለ ከሥሩ የሚተካውን የማሳደጉ ሥራ ሳሳ፤ ዕዳው የተከፈለው ዘግይቶ ነው። ለዚህም ነው እኔ ሰው ሁሉ ዋንጫ ሲቆጥር ከዘጠኝ ዓመት በታች ያሉትን ልጆች የምቆጥረው።

ኦፋሊ ግን በወደቀችበት አልቀረችም። በ2021 የክሪስቲ ሪንግን ፍጻሜ ዴሪን 0-41 ለ 2-14 አሸንፋ ወጣች። በ2023 በጆ ማክዶና ፍጻሜ በጭማሪ ሰዓት በካርሎ በአንድ ነጥብ ተሸነፈች። በ2024 ሊሽን አሸንፋ ዋንጫውን አነሣች፤ በዚያው ዓመት ከ20 ዓመት በታች ቡድኗ ቲፐራሪን ረትቶ ለካውንቲዋ በዚያ ዕድሜ የመጀመሪያውን የመላ አየርላንድ ዋንጫ አመጣ። እንግዲህ በ2024 በጎረቤትዎ ቤት የብርሃኑና የዝምታው ቦታ ተለዋውጦ ነበር ማለት ነው።

ሊሽም በላይኛው እርከን የቆየችው እስከ 2022 ነው፤ ያን ዓመት ወረደች። ወጥቶ መቆየት ከመውጣት ይከብዳል። የዌስትሚዝን ነገር ብነግርዎት ይበልጥ ይገባዎታል። ያች በኮርክ አርባ ነጥብ የተቆጠረባት ዌስትሚዝ በ2021 ጆ ማክዶናን አሸንፋ አደገች፤ በ2023 በዌክስፎርድ ሜዳ ከ15 ነጥብ በላይ ስትመራ የነበረችውን ዌክስፎርድን ተከታትላ ደርሳ 4-18 ለ 2-22 አሸነፈች። እንዲህ ያለ መመለስ በዕድሜዬ ጥቂት ነው ያየሁት። ሆኖም በሳምንቱ ዌክስፎርድ ኪልኬኒን ስላሸነፈች የወረደችው ዌስትሚዝ ሆነች። ኬሪ ደግሞ በ2020፣ በ2021 እና በ2022 በተከታታይ ለፍጻሜ ደርሳ ሦስቱንም ተሸነፈች። ብታሸንፍ እንኳ ከመንስተር የመጨረሻ ከሆነችው ጋር ሌላ ጨዋታ ይጠብቃት ነበር፤ ከሌሎቹ የተለየ ሸክም ነው፣ እኔም ፍትሐዊ ነው ብዬ አላውቅም።

ልጅዎ መኩራት ይችል እንደሆነ ጠይቀዋል። እንዲያውም ከሁለተኛው እርከን ዝቅ ብዬ ልመልስልዎ። በዚያው በጁን 2019 የሎሪ ማር ዋንጫ ፍጻሜ፣ የመጨረሻው እርከን ማለት ነው፣ በክሮክ ፓርክ ሊትሪምን ከላንክሻየር አገናኘ። ላንክሻየር በእንግሊዝ ያሉ አይሪሾች ቡድን ነው። ሊትሪም በሪፐብሊኩ ካሉት ካውንቲዎች ሁሉ በሕዝብ ብዛት ትንሿ ናት። ከጭማሪ ሰዓት በኋላ በአንድ ነጥብ አሸነፈች። ከሊትሪም ተጫዋቾች አንዱ ዛክ ሞራዲ ይባላል፤ በኢራቅ ከኩርድ ቤተሰብ በስደት ሕይወት ውስጥ ተወልዶ በ2002 በ11 ዓመቱ ወደ አየርላንድ የመጣ ልጅ። ከልጅዎ በአንድ ዓመት በልጦ ነው ይህችን ምድር የረገጠው። ዱላውን የጨበጠው እዚሁ ነው፤ የካውንቲውን ማልያ ለብሶ በክሮክ ፓርክ ሣር ላይ ዋንጫ ያነሣውም ለዚያች ትንሽ ካውንቲ ተሰልፎ ነው። እርከኖቹ ባይኖሩ ሊትሪም በዚያ ሜዳ የፍጻሜ ቀን ባላገኘችም ነበር። ልጅዎ በሊሽ ማልያ ሲወጣ ቀና ብሎ ይሂድ።

ሁለት ነገር ልጨምርና ላብቃ። በሚመጣው የውድድር ወቅት ሊሽ በፖርትሊሽ ስትጫወት ልጁን ይዘውት ይሂዱ፤ ከቤትዎ ቅርብ ነው፣ ልጅም ከቴሌቪዥን ይልቅ የዱላውን ድምፅ በጆሮው ሰምቶ ነው የሚማረው። ጎረቤትዎን ደግሞ ይጋብዟቸው። ጁላይ 7 ቀን 2019 በሜዳው በየትኛው በኩል ቆመው እንደነበር ይጠይቋቸው፤ ባለቤታቸውንም መጠየቅ አይርሱ፣ እሳቸውን ግን ስለ 1998።